ሦስተኛው ቢላዋ

ባገራችን ሥጋ ቤት በር ላይ ከዋጋው በፊት የሚነበብ ነገር አለ። መስቀል ከተሳለበት የክርስቲያን ነው፤ ጨረቃና ኮከብ ካለበት የሙስሊም ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይህችን ያነባታል። ስኳሩን ከአንድ ሱቅ እንሸምታለን፤ ልጆቻችንን አንድ ትምህርት ቤት እንልካለን፤ ሰው ሲሞትብን አብረን እንቀመጣለን፤ ቡናውንማ ተጠራርተን ነው የምንጠጣው። ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቢላዋው ሁለት ነው።

መቼም ይህን ስል አዲስ ነገር ያወራሁ መስሎኝ አይደለም። ሁላችንም ያደግንበት ነው። በተለይ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሐመድና ገብረ ማርያም የሚባሉ አጎቶች ይኖሩታል። ሠርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱ በስመ አብ ተብሎ፣ አንዱ ቢስሚላህ ተብሎ። ዳሱም ሁለት፣ ድስቱም ሁለት፣ ወጥ ቀማሿም ሁለት። ማንም ተቀየመ ሲባል አልሰማሁም። ሥርዓት ነዋ!

እኔና አንድ የደሴ ወዳጄ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተናል። በትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሱ ኋላ ሐጅ አድርጎ መጥቶ «ሐጂ» ሆነ፣ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከርሜ «መምህር» ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም የምንጠራራው በዚሁ ነው። አብረን ያልበላነው የለም ማለት እችላለሁ፤ ከአንድ ነገር በቀር። በሁዳዴ እነሱ ቤት ሽሮ ይሠራልኛል። በረመዳን አፍጥር ላይ ቴምርና የምስር ሳምቡሳ እካፈላለሁ። ረቡዕና ዓርብ የኛ ቤት ምስር ወጥ ለሱም ይሆናል። ነገሩን ስታስቡት ይገርማል፤ እኛን ያገናኘን ጾም ነው፣ የለያየን ፍስክ ነው።

ሳገባ ሚዜዬ እሱ ነበር። አባቴ ገና ከሦስት ወር በፊት ሁለት በሬ ገዝተው አንደኛውን በገመዱ እንደታሰረ ለሐጂ አባት አስረከቧቸው። «ይህ የእርስዎ ነው፤ የሚያርደውንም የሚሠራውንም እርስዎ ይዘዙ» አሏቸው። የሠርጉ ቀን ሚዜዬ ከጎኔ ቆሞ ዋለ፤ ምሳ ሲቀርብ ግን ከጎኔ ተነሥቶ ወደ ሌላው ዳስ ሄደ። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። የሠርጉ ፎቶግራፎች ላይ፣ የማዕዱ ፎቶ ላይ ብቻ፣ በቀኜ አንድ ባዶ ወንበር አለ።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ኒውዮርክ ሄድኩ። ሐጂ እዚያ ታክሲ ሲነዳ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። መጥቶ ወሰደኝና፣ «ዛሬ ሥጋ አብረን እንበላለን» አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ጾም የለም። «የማን ሥጋ?» አልኩት። «ያንተም አይደለም፣ የኔም አይደለም» አለኝ።

የወሰደኝ ማንሃተን ውስጥ፣ 33ኛው መንገድ ላይ ወዳለ «ሰከንድ አቬኑ ዴሊ» ወደሚባል የአይሁድ ምግብ ቤት ነው። ስሙን ያየ ሰው ሁለተኛ ጎዳና ላይ ይፈልገዋል፤ እዚያ የለም። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1954 የከፈተው ኤብ ሌበዎል የሚባል፣ ከምሥራቅ አውሮፓው እልቂት የተረፈ ስደተኛ ነው። አንዲት ጠባብ ምሳ ቤት ገዝቶ ጀመረና ቤቱ የከተማው ሁሉ መታወቂያ ሆነ። ባለቤቱ ችግረኛን በነጻ በማብላት ይታወቅ ነበር። በመጋቢት 1996 የዕለቱን ገንዘብ ወደ ባንክ ይዞ ሲሄድ ዘራፊ ተኩሶ ገደለው፤ ገዳዩ እስከ ዛሬ አልተያዘም። በ2006 መጀመሪያ ቤቱ በኪራይ ጭቅጭቅ ተዘጋ፤ ቦታውን ባንክ ወሰደው። በ2007 መጨረሻ የወንድሙ ልጅ እዚህ 33ኛው መንገድ ላይ እንደገና ከፈተው። ስሙን ግን አልለወጠም። የጥንት ሰፈሩን ስም ይዞ የሚሰደድ ቤት አየሁ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ «ፒያሳ» እና «መርካቶ» የሚሉ ስሞችን ላነበበ ሐበሻ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ገና ከመቀመጣችን ሳናዝዘው የመጣው ነገር ኪያር ነው፤ በጨው ውሃና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፎ የኮመጠጠ ኪያር። አንዱ ዓይነት ሙሉ በሙሉ የኮመጠጠ፣ ሌላው ገና አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ። አብሮት የተከተፈ ጥቅል ጎመን አለ። ቀጥሎ ደግሞ በትንሽ ሳህን አንድ ቡናማ፣ ቅርጥፍጥፍ የሚል ነገር መጣ። «ምንድን ነው?» ብል የዶሮ ቆዳ ነው! በራሱ ስብ ከሽንኩርት ጋር የተጠበሰ። አይ ጉድ! የኛ ሴቶች ከዶሮ ላይ ገፈው አውጥተው የሚጥሉት ቆዳ። ድሃ የነበረ ሕዝብ ምን እንደማይጥል የሚያውቀው ራሱ ነው። ቀመስኩት፤ ሳላስበው ሳህኑ ባዶ ሆነ።

አስተናጋጁ ዕድሜው የገፋ፣ ፊቱን የማይፈታ፣ ንግግሩ ሁሉ ግን ቀልድ የሆነ ሰው ነው። ከኛ ጋር የሐጂ ልጅ አለ፤ እዚያው ያደገ፣ አማርኛው እንደ ጠዋት መኪና እየተንተፋተፈ የሚነሣ ጎረምሳ። «ፓስትራሚ ሳንድዊች፣ አይብ ይጨመርበት» ብሎ አዘዘ። አስተናጋጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልጄ፣ አይብ ከፈለግህ እኔ አልከለክልህም፤ ሙሴ ነው» አለው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሪት የፍየል ግልገል በእናቱ ወተት እንዳይቀቀል ሦስት ቦታ ላይ ትከለክላለች፤ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህች አጭር ቃል ተነሥተው ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በአንድ ድስት እንዳይሠሩ፣ በአንድ ሳህን እንዳይቆረሱ አጠሩ። ስለዚህ በኮሸር ሥጋ ቤት ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ ለቡና የሚሰጡህ ወተት የሚመስል ወተት ያልሆነ ነገር ነው። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመቅመስ ብዙዎቹ ዘንድ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። አትክልት፣ እንቁላልና ዓሣ ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ናቸው፤ «ፓርቬ» ይሏቸዋል፤ ከወተቱም ከሥጋውም ማዕድ ይቀርባሉ። እኛ ሥጋና ወተትን አንድ ላይ «ፍስክ» ብለን በቀን እንለያቸዋለን፤ እነሱ ሁለቱን እርስ በርሳቸው በድስት ይለያሉ። ደህና ጿሚ ቤት ያደገ ሰው «የጾም ድስት» ለብቻው ተሰቅሎ ማየቱን ያስታውሳል። ያቺ ድስት እዚህ ዘመድ አላት።

አስተራረዱም እንደዚያው ነው። አራጁ የተማረና የተመሰከረለት ሰው መሆን አለበት። ቢላዋው ቅንጣት ጉድፍ እንዳይኖረው በጥፍር እየተዳሰሰ ይፈተሻል። ከታረደም በኋላ ሳንባው ይመረመራል። ደም ክልክል ነውና ሥጋው ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ አንድ ሰዓት በጨው ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይታጠባል። ይህን ሲነግሩኝ እናቴ በፋሲካ ዋዜማ ዶሮውን በጨውና በሎሚ እያሸች ውሃው እስኪጠራ ስታጥብ ታየችኝ። እሷን «ለምን?» ብትሏት «ደሙ እንዲወጣ ነዋ!» ነው የምትላችሁ።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የኮሸር ሥጋ በአብዛኛው ከከብቱ የፊት ክፍል ነው፤ የኋላው ለሌላ ገበያ ይሸጣል። ምክንያቱ ዘፍጥረት 32 ነው። ያዕቆብ ከመልአኩ ሲታገል ጭኑ ላይ ተነካ፤ ልጆቹም ያንን የጭን ጅማት አይበሉም። ጅማቱን ነቅሶ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ የኋላውን እግር ጭራሽ ይተውታል። እኛስ? አያቶቻችን ሹሉዳ አይበሉም ነበር። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው ይህንኑ ያዕቆብን ይጠቅሱላችኋል። እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ እዚህ ሳሉ እንደ ጎረቤቶቻቸው ጥሬ ሥጋ አይበሉም ነበር፤ በዚያም ይለዩ ነበር። እንግዲህ ሦስቱም የአንድ መጽሐፍ ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም ሥጋ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስታውሱት «አትብላ» የሚለውን ነው።

ሳንድዊቹ መጣ። ሳንድዊች ከምለው ክምር ብለው ይቀለኛል። ፓስትራሚ ከሮማንያ አይሁድ ጋር የመጣ ነው፤ እዚያ ዝይም ይሠራበት ነበር፤ አሜሪካ ሲደርስ የበሬ ሥጋ ረከሰና ከሆዱ በኩል ያለው ጮማ ያለበት ሥጋ ተካው። ለቀናት በጨውና በቅመም ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል ይለወሳል፤ በጭስ ይታጠናል፤ በመጨረሻ በእንፋሎት ይበስላል። ጥቁር ቅርፊቱን ሲቆርጡት ውስጡ ቀይ ነው። የኛን ቋንጣ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን ለይቶ ያገኘዋል፤ ግን ይህ ቋንጣ ሳይሆን ቋንጣ ሊሆን ሲል በመንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ነው። ራይ ከሚባል እህል በተጋገረ ዳቦ መሐል ነው የሚከመረው። ማባያው ሰናፍጭ ብቻ ነው። የዶሮ ሾርባውም ላይ ከተፈጨ ቂጣ የተድቦለቦለ ጉርሻ የሚያህል ኳስ ይንሳፈፍበታል፤ ቂጣው ለፋሲካቸው የሚበሉት ያልቦካው ቂጣ ነው። ዋጋው? ሳንድዊቹ ብቻ ከ20 ዶላር በላይ ነው። የድሃ ምግብ ሲያረጅ ይወደዳል።

ሐጂ ሳንድዊቹን ሁለት ቦታ ቆረጠው። ከሥጋው ቀደደና በሰናፍጭ አጥቅሶ ወደ አፌ ሰደደው። አርባ ዓመት! ከሱ እጅ ያልጎረስኩት ነገር የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ቴምር፣ ገንፎ። ሥጋ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አጎረስኩት። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ሰናፍጩ ዓይን ያስለቅሳል።

«እንዴት ፈቀድክ?» አልኩት ቆይቼ። ቁርኣን የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ እንደፈቀደ ነገረኝ። አምስተኛው ሱራ ላይ ነው። የሱራው ስም «አል ማኢዳ» ነው፤ ማዕድ ማለት ነው። ሊቃውንት ይህ የዐረብኛ ቃል ከኛው ከግዕዙ «ማዕድ» የተወረሰ ነው ይላሉ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና ይህን ስሰማ ከፓስትራሚው ይልቅ ቃሉ ጣፈጠኝ። ሐጂ ቀጠለና፣ «የመጽሐፍ ሰዎች ከተባለ እናንተም ትገባላችሁ። ያገራችን ልማድ ግን ጠበቅ ያለ ነው። አባቶቻችን የናንተን ሥጋ ካልበሉ እኔ አፍርሼው ምን አገኛለሁ? ይኸኛውን ግን አባቴ አልከለከለኝም። አያውቀውማ!» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ልጁ የገባው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? አንተ እዚህ አገር ከሱፐርማርኬት ሥጋ ትበላለህ። ያንን ማን አረደው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «በማን ስም?» እሱንም አላውቅም። «እና የአባቴን ለምን አትበላም? አባቴን እኮ ታውቀዋለህ።»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አባቱ ልጁን ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው።

ያን ዕለት ያልመለስኩለትን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። አጥር የሚታጠረው ከጎረቤት ጋር ነው። ባሕር ማዶ ላለው ሰው ማንም አጥር አያጥርም። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ፋብሪካ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ ያረደው ሥጋ ማንነቴን አይነካውም፤ ምክንያቱም ከዚያ ሰው ጋር የሚያምታታኝ የለም። ሐጂ ግን ቋንቋዬን ይናገራል፣ ልብሴን ይለብሳል፣ ለቅሶዬን ያለቅሳል። እሱና እኔ የምንለይበት ጥቂት ነገር ነው የቀረው። አገሬው «የእነ እገሌን ሥጋ በላ» ሲል «ሃይማኖቱን ለወጠ» ማለቱ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። ሕጉ ስለ ሥጋው አልነበረም፤ ማን መሆናችንን የምናስታውስበት ክር ነበር።

ታዲያ ክሩን እንበጥሰው? ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ያ ምግብ ቤት ያስተምረን ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ 1500 ያህል የኮሸር ዴሊዎች እንደነበሩ ይጽፋሉ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ማንም አልዘጋቸውም። ልጆቹ ከሰፈር ወጡ፣ ኪራዩ ናረ፣ ጮማ በሐኪም ተከለከለ፣ ሱፐርማርኬቱ ሁሉንም ሸጠ። በ1888 የተመሠረተው ዝነኛው «ካትዝ» ዛሬም ሰው ይጎርፍበታል፤ እሱ ግን ኮሸር አይደለም፤ ጣዕሙ ቀረ፣ ሕጉ ሄደ። እኛ የበላንበት ቤት ደግሞ ሕጉን ጠብቆም ቅዳሜ ስለሚከፍት፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩት አይሁድ አይበሉበትም። አጥር ውስጥ ሌላ አጥር አለ ማለት ነው። ያም ሆኖ ያ የኮመጠጠ ኪያር፣ ያ የዶሮ ቆዳ፣ ሰዎቻቸው ያለቁባቸው መንደሮች ትዝታ ነው። «ይህን እበላለሁ፣ ያንን አልበላም» የሚል ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ያ ትዝታ በማን ሳህን ላይ ይቆይ ነበር?

ይኸው ሕግ ግን ሰውም ያቆስላል። በ2018 እስራኤል ውስጥ አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ትውልደ ኢትዮጵያ ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ እንዳነሣቸው ተዘገበ። ጥብቅ የተባለውን የኮሸር ማረጋገጫ የሚሰጠው ወገን አይሁድነታቸውን ተጠራጥሮ ነው። ሠራተኞቹ ስለ ኦሪት ብለው ስንት መከራ ያዩ፣ በሱዳን በረሃ ወገኖቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ወገን ናቸው። ነገሩ አገር አነጋገረ፤ ከሁለቱ ዋና ረቢዎች አንዱ ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት፤ ፋብሪካውም ሠራተኞቹን ወደ ቦታቸው እንደሚመልስ አስታወቀ። የሰው እጅ ረከሰ ከተባለ በኋላ ግን «ተመለስ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያጥብ እናንተ ፍረዱ።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሕግ ነው፤ «ይህ የኔ ነው፣ ያ የኔ አይደለም» የሚል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ብዙ አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው። ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

አባቴ ሁለተኛውን በሬ የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። የሐጂ አባት ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ የከፈሉት አባቴ ናቸው። የሐጂ እናት በሁዳዴ ለኔ ሽሮ ሲሠሩ የሥጋ ሽታ የሌለበት ድስት ለብቻ አስቀምጠው ነበር፤ የኔን ሕግ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። አጥሩ አለ፤ ግን እንግዳው እንዳይቸገር በሩን የሚያበጀው ባለቤቱ ነው። በወይን ፋብሪካው ግን የአንዱን ጥብቅነት ዕዳ የከፈለው ሌላው ነው፤ ያውም ደካማው። ሕግህን ጠብቅ፤ ሒሳቡን ግን ለጎረቤትህ አትላክ። ያረጀው የወሎ ሥርዓት በቃል ሳይጽፈው ያስተማረን ይህንን ነበር።

ዛሬ ዛሬ ግን ነገሩ እየተገለበጠ ሳይሆን አልቀረም። ሁለቱን ዳስ የሚደግሰው ሰው እየቀነሰ ነው፤ «ኑሮ ተወደደ» እንላለን፤ እውነት ነው፣ የበሬ ዋጋ አይቀመስም። እናም አንዱ ወገን ሳይጠራ ይቀራል፣ ወይም ተጠርቶ ለስላሳ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ቅርጫ ሲጣል ስንቶቻችን ነን የሌላው ጎረቤት በዓል ላይ ቢያንስ የአንድ በግ ድርሻ የምናዋጣ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለው የተረቱት አባቶቻችን አንድ ድስት ካልሆነ አላሉም። ጎረቤት ካልተቀመጠ ነው ያሉት።

ሐጂ በቅርቡ ደውሎልኝ ልጁ ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ። ሠርጉ ደሴ ነው። «መምህር፣ በሬህን መርጬ አስሬልሃለሁ፤ አራጅህን ይዘህ ና» አለኝ።